ወባ የሰውን ዱካ ሲከተል

በ2019 በኢትዮጵያ የጤና ተቋማት የተመዘገበው የወባ ሕመምተኛ ቁጥር ወደ 900 ሺህ ገደማ ወርዶ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አምስት ዓመት ቆይቶ፣ ከጃንዋሪ 2024 መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር 20 ባለው ጊዜ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ መታመሙንና 1,157 ሰው መሞቱን የዓለም ጤና ድርጅት አስታወቀ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሰባት ዓመታት እንዲህ ያለ ቁጥር አልታየም ነበር። ሊጠፋ ተቃርቧል የተባለው በሽታ ስምንት እጥፍ ሆኖ ተመለሰ።

ምን ሆነ ብሎ ለሚጠይቅ መላሹ ብዙ ነው። አንዱ ጦርነቱን ያነሣል፣ ሌላው ሙቀቱን፣ ሌላው ትንኟ የተላመደችውን ኬሚካል፣ ሌላው ያረጀውን አጎበር። ሁሉም እውነት አለው። የበሽታውን ታሪክ ከሥሩ ለተከተለ ሰው ግን አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል፤ ወባ ሰውን የሚያገኘው ሰው ራሱ በሠራው መንገድ ነው። ግድብ ሲገደብ፣ አዲስ ዘር ሲዘራ፣ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ሲወረድ፣ ከተማ ሲስፋፋ በሽታው ዱካውን ተከትሎ ይደርሳል። ወባን የጤና ጣቢያ ጉዳይ ብቻ አድርጎ መያዝ በተደጋጋሚ ያዘናጋንም ከዚህ የተነሣ ይመስላል።

ከክፉ አየር እስከ ትንኝ

ሰው የወባን ምክንያት ከማወቁ አስቀድሞ ቦታውንና ወቅቱን ለይቶ ያውቅ ነበር። የደጋ ሰው ክረምቱ ሲወጣ ቆላ ወርዶ ማደርን ይፈራል። መንደሩን ከሸለቆው አፋፍ ላይ ቆርቁሮ ቀን ታች ወርዶ ያርሳል፣ ማታ ሽቅብ ይመለሳል። በሽታውን «ንዳድ» ያለው የትኩሳቱን ጠባይ ይዞ ነው። ጣሊያኖች ደግሞ ከረግረግ የሚነሣ ሽታ ያመጣው መስሏቸው «ክፉ አየር» አሉት፤ ማላሪያ የሚለው ቃል የመጣው ከዚያ ነው።

ሻርል ላቨራን የተባለ ፈረንሳዊ የጦር ሐኪም በ1880 አልጄሪያ ውስጥ በአንድ ሕመምተኛ ደም ላይ የሚንቀሳቀስ ጥገኛ ተሕዋስ አየ። በ1897 ሮናልድ ሮስ ሕንድ አገር ሆኖ ተሕዋሱን በትንኝ ሆድ ዕቃ ውስጥ አገኘው። በቀጣዩ ዓመት ጣሊያናዊው ግራሲና ባልደረቦቹ የሰውን ወባ የምታስተላልፈው አኖፊለስ የተባለችው ትንኝ፣ እሷም ሴቷ ብቻ መሆኗን አረጋገጡ። ሴቷ ደም የምትሻው ለእንቁላሏ ነው።

ይህ ዕውቀት ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል። ያም ሆኖ በኢትዮጵያ ገጠሮች የተደረጉ የግንዛቤ ጥናቶች ወባ የሚመጣው እሸት በቆሎና አገዳ ከመብላት፣ ቆሻሻ ውሃ ከመጠጣት፣ ከረሃብ ወይም ከብርድ ነው የሚሉ ሰዎችን ደጋግመው አግኝተዋል። በዚህ መሳቅ ቀላል ነው፤ ተገቢ ግን አይደለም። እሸቱ የሚደርሰውና ወባው የሚበረታው በአንድ ወቅት ነው። ገበሬው ያስተዋለው ዝምድና እውነተኛ ነበር፤ የተሳሳተው ምክንያቱን ሲሰይም ነው። የበቆሎው ነገር ራሱ ወደ ኋላ በሌላ መልክ ይመጣል።

አንድ ስም፣ ሁለት በሽታ

ወባ በአንድ ስም ቢጠራም በኢትዮጵያ በዋናነት ሁለት በሽታ ነው። አንደኛው ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም ነው፤ ከሕመምተኞቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን የሚይዝ፣ ፈጥኖ የሚገድል። ሕዝቡ «ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጣ» የሚለው፣ ሰውን አስቀባጥሮ ራሱን የሚያስተው እሱ ነው። ትኩሳት በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ተመርምሮ መድኃኒት መጀመር የሚባለው ምክር የተበጀውም በዋናነት ለሱ ነው፤ ሕፃንና ነፍሰ ጡር ከሆኑ ያ ቀን ራሱ ረጅም ነው።

ሁለተኛው ፕላዝሞዲየም ቫይቫክስ ነው። ከሰሐራ በታች ባለው አብዛኛው አፍሪካ እምብዛም አይታይም፤ የዚያ ሕዝብ ቀይ የደም ሴል ተሕዋሱ የሚገባበት «ደፊ» የተባለ በር ስለሌለው ነው። በኢትዮጵያ ግን በሩ ያለውም የሌለውም ሕዝብ ተቀላቅሎ ስለሚኖር ቫይቫክስ ከጠቅላላው ሕመም ሲሶ ያህሉን ይይዛል። በሩ የሌላቸው ሰዎችም በቫይቫክስ ሲታመሙ መገኘታቸው አሮጌውን ማብራሪያ አነቃንቆታል፤ ተሕዋሱ በየት በኩል እንደሚገባ ገና እየተጠና ነው።

የቫይቫክስ ተንኮሉ ጉበት ውስጥ መተኛቱ ነው። ክሎሮኪን ደሙን ያጠራል፣ ትኩሳቱ ይበርዳል፣ ሰውየው ዳንኩ ብሎ ሥራ ይገባል። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ትንኝ ሳይነድፈው «ወባዬ ተነሣብኝ» ይላል። ቃሉ ከሕክምናው መጽሐፍ ይበልጥ ትክክል ነው፤ የተነሣው የድሮው ነው። ከጉበት የሚያስለቅቀው ፕሪማኪን ሲሆን የተለመደው አወሳሰዱ 14 ቀን ነው። ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን የተወው ሰው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ድረስ ክኒን እንዲውጥ ማሳመን ግን ቀላል ሥራ አይደለም።

እዚህ ላይ ያልተቋጨ ክርክር አለ። ኢትዮጵያ ከተሳተፈችባቸው የሕክምና ሙከራዎች አንዱ፣ በ2019 የታተመው፣ ከፍ ያለ መጠን ለ7 ቀን መውሰድ ከ14 ቀኑ እንደማያንስ አሳይቷል። ታፌኖኪን የተባለው አዲስ መድኃኒት ደግሞ በአንድ ጊዜ ይጨርሳል። እንቅፋቱ ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም ነው፤ በደማቸው ውስጥ ይህ የሚጎድላቸው ሰዎች ሁለቱንም መድኃኒቶች ሲወስዱ ቀይ የደም ሴላቸው ሊፈርስ ይችላል። ክኒኑን በየቀኑ የሚወስድ ሰው ሽንቱ ሲጠቁር ያቆማል፤ አንዴ የተዋጠ ታፌኖኪን ግን አይመለስም። ስለዚህ አስቀድሞ የኢንዛይሙን መጠን የሚለካ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ያ መሣሪያ በየገጠሩ ጤና ኬላ እስኪደርስ ምን ይደረግ የሚለው ነው ባለሙያውን የሚከፍለው። ለነፍሰ ጡሮች ሁለቱም መድኃኒቶች አይሰጡም፤ ስለዚህ እናቲቱ እስክትገላገል ተሕዋሱ ጉበቷ ውስጥ እንደተኛ ይቆያል።

ይህ የቫይቫክስ ጠባይ በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በእስራኤልና በዓረብ አገሮች ለሚኖረው ወገንም ይደርሳል። ለበዓል መጥቶ ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ የሰነበተ ሰው ከተመለሰ ከወራት በኋላ ሲያተኩሰው፣ ያለበት አገር ሐኪም ወባ ላይታሰበው ይችላል። የሄደበትን ቦታ መናገር ያለበት ታማሚው ነው። የትውልድ አገሬ ነው፣ ሰውነቴ ያውቀዋል ማለትም ደኅንነት አይሰጥም፤ በልጅነት የተገኘ ከፊል መከላከያ ከቦታው ርቀው ሲኖሩ ይሳሳል።

የመከላከያው ነገር ከተነሣ ሌላም መለየት ያለበት ጉዳይ አለ። በምዕራብ አፍሪካ በብዙ ቦታ ወባ ዓመቱን ሙሉ ስለሚተላለፍ አዋቂው ታሞ ታሞ ይለምደዋል፤ የሚሞተው በአብዛኛው ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ነው። በኢትዮጵያ ግን ወባ የሚበረታው በዋናነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ቀጥሎም በበልግ ዝናብ ማግሥት ነው። ዓመት ይተርፋል፣ ዓመት ይጠፋል። ሰውነት ለመልመድ ፋታ ስለማያገኝ ወረርሽኝ ሲነሣ ሕፃኑንም አራሹንም አብሮ ያጋድማል።

1958 እና «ማጥፊያ» የሚለው ቃል

እንዲህ ያለው ወረርሽኝ በትልቁ የታየው በ1958 ነው። ያን ዓመት ዝናቡ ከልኩ በላይ ዘነበ፣ ሙቀቱም ከተለመደው ከፍ አለ። ወባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ወዳለው ወይና ደጋ ወጥቶ በ250 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ተሰራጨ። በኋላ የተሠራው ግምት 3 ሚሊዮን ታማሚና 150 ሺህ ሟች ይላል። ቁጥሩ ግምት መሆኑን መርሳት አይገባም፤ በዚያ ዘመን አብዛኛው ሟች ጤና ተቋም ሳያይ ተቀብሯል።

በማግሥቱ፣ በ1959፣ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። ስሙ የዘመኑን ተስፋ ይናገራል። የዓለም ጤና ጉባኤ በ1955 ሜክሲኮ ላይ ወባን ከምድር ለማጥፋት ወስኖ ነበር፤ መሣሪያው ዲዲቲ፣ ስልቱ ቤት ለቤት ርጭት። ዘመቻው አውሮፓንና በርካታ ደሴቶችን ነጻ አወጣ። በ1969 ግን ግቡ ለብዙ አገሮች እንደማይደረስ ታምኖ ወደ መቆጣጠር ተመለሰ።

በአማርኛ ሦስት ቃላት እየተቀላቀሉ ሐሳቡን ያደበዝዛሉ። መቆጣጠር ማለት ጉዳቱ ከሚታገሥ ደረጃ በታች ወርዶ እዚያው እንዲቆይ ማድረግ ነው፤ ሥራው አያልቅም። ማስወገድ ማለት በአንድ አገር ውስጥ ከትንኝ ወደ ሰው መተላለፉ መቋረጡ ነው፤ ለሦስት ተከታታይ ዓመታት በአገር ውስጥ የተያዘ ሰው ካልተገኘ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። አልጄሪያ በ2019፣ ቻይና በ2021፣ ኬፕ ቨርዴና ግብጽ በ2024 ይህን አግኝተዋል። ማጥፋት ደግሞ ከዓለም ፈጽሞ ማስቀረት ነው፤ በሰው በሽታ እስካሁን የተሳካው ለፈንጣጣ ብቻ ነው። ኢትዮጵያ በ2017 በ239 ወረዳዎች የማስወገድ ሥራ ጀምራለች። ማስወገድ የሚፈልገው እያንዳንዱን ታማሚ ተከታትሎ ከየት እንደያዘው ማወቅን ነው። መቆጣጠር እየተሳነው ባለ ወረዳ ይህን መጠየቅ የሚያስኬድ ነው ወይ የሚለው ጥርጣሬ ከ2024 በኋላ በረታ።

የአደረጃጀቱም ክርክር ከዚያው ዘመን የተወረሰ ነው። የቀድሞው ድርጅት የራሱ ረጪ፣ የራሱ መኪና፣ የራሱ ላቦራቶሪ ነበረው፤ ሥራው ሌላ አልነበረም። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ በኋላ ተበትኖ ወደ ክልልና ወረዳ ጤና ገባ። የቀድሞውን የሚያደንቁ ሙያው ተበተነ፣ ትንኝ የሚያውቅ ሰው ጠፋ ይላሉ። የኋለኛውን የሚደግፉ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ባይኖሩ መድኃኒቱ መንደር አይደርስም ነበር ይላሉ። ሁለቱም ትክክል ናቸው ብል ማምለጥ አይሆንብኝም፤ ጤና ኤክስቴንሽኗ ትኩሳት ታክማለች፣ ትንኝ ግን አትቆጥርም። የጎደለው ትንኝ ቆጣሪው ነው።

ቁጥሩን ያወረደው ማን ነው?

በ2003 በተነሣው ወረርሽኝ 6 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመ ይገመታል። ከዚያ በኋላ ነገሮች በፍጥነት ተለወጡ። በ2004 ኮአርተም የፋልሲፓረም ዋና መድኃኒት ሆነ፣ ከ2005 ጀምሮ ኬሚካል የተነከረ አጎበር በሚሊዮን እየተቆጠረ ታደለ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ገቡ። ቁጥሩም ወረደ። የተለመደው ንባብ አጭር ነው፤ መጡ፣ አወረዱት። አጎበር በመላው አፍሪካ ስላደረገው ነገር ያለው ማስረጃም ጠንካራ ነው። ከ2000 እስከ 2015 በአህጉሩ ከዳኑት በመቶ ሚሊዮኖች ከሚቆጠሩ ሕመሞች 68 በመቶውን ያዳነው አጎበር እንደሆነ አንድ ሰፊ ስሌት አሳይቷል።

ሌላው ንባብ ከሙቀት ይነሣል። የፋልሲፓረም ተሕዋስ በትንኟ ሆድ ውስጥ ለመብሰል ቀናት ይፈልጋል፤ ሙቀቱ ከ16 ዲግሪ በታች ሲሆን ብስለቱ ይቆማል። ደጋው ከወባ የተጠበቀው ትንኝ ስለሌለበት ብቻ አይደለም፤ ተሕዋሱ ሳይበስል ትንኟ ስለምትሞት ጭምር ነው። በ2014 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት በኢትዮጵያና በኮሎምቢያ ተራሮች በሞቃት ዓመታት ወባ ሽቅብ እንደሚወጣ፣ በቀዝቃዛ ዓመታት ቁልቁል እንደሚመለስ በመረጃ አሳየ። በ2021 በታተመ ጥናት ደግሞ የኦሮሚያን የአሥርት ዓመታት መዝገብ የመረመሩ ተመራማሪዎች፣ በደጋው የወባው ቁጥር መውረድ የጀመረው በ2000 አካባቢ፣ የሙቀቱ ጭማሪ ጋብ ባለበት ጊዜ፣ ማለትም አጎበሩ በስፋት ከመታደሉ በፊት ነው አሉ።

ይህ የአጎበሩን ዋጋ አያጠፋም፤ የአጎበሩ ባለሟሎች ግን ሊያዳምጡት ይገባል። ድሉ በከፊል የሙቀቱ ቸርነት ከነበረ፣ ቸርነቱ ሲያልቅ የያዝነው መሣሪያ ብቻውን ምን ያህል እንደሚችል አልተፈተነም ማለት ነው። ከ2020 በኋላ ያለው ደግሞ መከራው ሁሉ በአንድ ላይ የወረደበት ጊዜ ነው። የኮቪድ ወረርሽኝ፣ የሰሜኑ ጦርነት፣ በኋላም በአማራና በኦሮሚያ የቀጠለው ግጭት፣ የተዘጋ ጤና ጣቢያ፣ የተፈናቀለ ሕዝብ። ከ900 ሺህ ወደ ሚሊዮኖች ከተደረገው ጉዞ ምን ያህሉ የየትኛው ድርሻ እንደሆነ የለየ ሰው የለም። በጀት ሲከፋፈል ግን ይህ ልዩነት ዋና ነገር ነው።

ግድቡ፣ በቆሎው፣ ሰሊጡ

የሰው እጅ በወባ ላይ ያለውን ድርሻ በቁጥር ካሳዩት ቀደምት ጥናቶች አንዱ በ1999 የታተመው የትግራይ ጥናት ነው። ከመሪ ጸሐፊዎቹ አንዱ ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር የሆኑት ቴድሮስ አድሓኖም ናቸው። ጥናቱ ከትንንሽ የመስኖ ግድቦች አጠገብ የሚኖሩ ሕፃናትን ራቅ ብለው ከሚኖሩት ጋር አነጻጸረ። በግድቡ አጠገብ ወባ ሰባት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በቆቃና በግልገል ጊቤ ዙሪያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶችም ወደ ሐይቁ የቀረበ ይበልጥ እንደሚታመም አሳይተዋል። ድርቅ በደቆሰው አገር ግድብ አይሠራ ማለት አይቻልም፤ ማንም አላለምም። ጥያቄው ውሃውን መቼ ዝቅ መቼ ከፍ ማድረግ የእጭ መራቢያውን ያደርቃል፣ መንደሩ ምን ያህል ይራቅ የሚለው ነው። ይህን የሚወስነው መሐንዲሱ እንጂ ሐኪሙ አይደለም፤ ሁለቱም በአንድ ጠረጴዛ ላይ እምብዛም አይቀመጡም።

የበቆሎው ነገር ይበልጥ ይደንቃል። ታሪክ አጥኚው ጄምስ ማካንና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ በጎጃም በቡሬ አካባቢ ወባ ቀድሞ ባልታወቀበት ልክ የተነሣው ለምንድን ነው ብለው ጠየቁ። በቆሎ በብዛት የሚዘራባቸው መንደሮች በጥቂቱ ከሚዘራባቸው ከዘጠኝ እጥፍ በላይ ወባ ነበረባቸው። ምክንያቱን ለማየት በክረምቱ መጨረሻ ወደ አንድ የበቆሎ ማሳ ዳር መጠጋት ነው። ከብት የረገጠው ጭቃ ላይ የኮቴ ጉድጓድ አለ፤ ጉድጓዱ ውሃ አቁሯል። ከበላዩ የበቆሎው ወንዴ አበባ ቢጫ ብናኙን ያራግፋል። ብናኙ ውሃው ላይ እንደ ስስ ዱቄት ይሰፋል። የወባ ትንኝ እጭ የሚበላው ከውሃው ገጽ ላይ ነውና ሌት ተቀን የቀረበለትን ይለቅማል። ብናኝ የበላ እጭ ቶሎ ያድጋል፣ የሚወጣው ትንኝም ትልቅና ጠንካራ ይሆናል። ትንኝ ረጅም ዕድሜ ካላት ደግሞ ተሕዋሱ በሆዷ ለመብሰል ጊዜ ያገኛል። ዘግይቶ የሚያብብ ምርጥ ዘር መስፋፋቱ የብናኙን ጊዜ ትንኝ ከሚበዛበት ጊዜ ጋር አገጣጠመው።

እሸት በቆሎ ወባ ያመጣል ያለው ገበሬ ከዚህ በኋላ በሌላ ዓይን መታየት አለበት። ጥናቱን የሚያጠይቁም አሉ፤ በቆሎ የሚበዛበት ቦታ ዝቅ ያለና ሞቃት ሊሆን ይችላል፣ ጥቂት መንደር ደግሞ አገር አይወክልም። ተቃውሞው ተገቢ ነው። በእጭ ላይ የተደረገው ሙከራ ግን ብናኙ እንደሚያፋፋው በግልጽ አሳይቷል፤ ያልተወሰነው በመላ አገሪቱ የወባ መጠን ላይ ያለው ክብደት ነው። በቆሎ በቤቱ ደጃፍ ድረስ ለሚዘራ ሰው ከቤቱ ጥቂት ርቆ እንዲዘራ መምከር ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነውና ክርክሩ እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልግም።

የሰሊጡ ጉዳይ ቀድሞ የታወቀ ነው። በየዓመቱ ከደጋ ወደ መተማና ሑመራ ለጉልበት ሥራ የሚወርደው ወጣት ወባ የማያውቅ ሰውነት ይዞ ይሄዳል፤ አጎበር የሚሰቅልበት ግድግዳ በሌለበት ሜዳ ላይ ያድራል፤ ሲመለስም ተሕዋሱን ይዞ ወደ መንደሩ ይገባል። በቤተሰብ ቁጥር የሚታደል አጎበር እሱን አያገኘውም፤ በዝርዝሩ ላይ የተመዘገበው እናቱ ቤት ነው።

መሣሪያዎቹ የት ላይ ሳሱ?

አጎበር ሦስት ዓመት እንዲያገለግል ታስቦ ይታደላል። በስምጥ ሸለቆ የተደረገ ክትትል ግን የግማሾቹ አገልግሎት አንድ ዓመት ገደማ ላይ እንደሚያበቃ አሳይቷል። በጭስ ይጠቁራል፣ በአልጋ ጠርዝ ይቀደዳል፣ አንድ ክፍል በሆነ ጎጆ ቀን ቀን የሚጠቀለልበት ቦታ ያጣል። ለትኋን ጭምር ብሎ የሰቀለው ሰው ትኋኑ አልሞት ሲለው ያወርደዋል። አጎበሩን ሣር አሰረበት ተብሎ የሚወቀሰው ገበሬም ብዙ ጊዜ ያሰረው የተቀደደውን ነው። አጎበርንና ርጭትን ማጣመር ከአንዱ ብቻ ይሻላል ወይ ተብሎ በአዳሚ ቱሉ አካባቢ በ176 መንደሮች የተደረገው ሙከራ ደግሞ ልዩነት አላገኘም። ያ ማለት ሁለቱም አይረቡም ማለት አይደለም፤ ሁለቱም የሚጠብቁት ቤት ውስጥ የተኛውን መሆኑን ያስታውሳል። በኢትዮጵያ ዋነኛዋ አስተላላፊ አኖፊለስ አረቢየንሲስ ከቤት ውጭም፣ ከብትም፣ ሰው ሳይተኛ በምሽትም ትነድፋለች።

ኬሚካሉንም ትንኟ ተላመደችው። ዲዲቲ ለአሥርት ዓመታት ከተረጨ በኋላ በ2000ዎቹ መጨረሻ ተተወ፤ ተተኪዎቹም በየተራ ኃይላቸው ሳሳ። ሁለት ዓይነት ኬሚካል ያለባቸው አዲስ አጎበሮች በታንዛኒያና በቤኒን በሕፃናት ላይ የሚታየውን ወባ ከተለመደው አጎበር ይልቅ ከ40 በመቶ በላይ ቀንሰዋል፤ ዋጋቸው ግን ከፍ ይላል። በርና መስኮትን በወንፊት ሽቦ መጋረድ በአርባ ምንጭ አካባቢ ተሞክሮ ቤት የሚገባውን ትንኝ ቀንሷል። ሽቦ ኬሚካል አይደለምና አይለመድም፤ ዕድሜውም ከጨርቅ ይበልጣል። በዘመቻ አለመታደሉ ያስቆጫል።

መድኃኒቱም ያው ታሪክ አለው። ክሎሮኪን ለፋልሲፓረም አልሠራ ሲል በ1998 ፋንሲዳር ተተካ፤ ስድስት ዓመት ሳይሞላው እሱም ወድቆ ኮአርተም መጣ። ኮአርተም እስካሁን ይፈውሳል። ሆኖም ኮአርተም የሚመደብበትን የአርተሚሲኒን መድኃኒቶች ኃይል ከሚያዘገዩት የዘረመል ለውጦች አንዱ በጎንደር ከአሥር ዓመት በፊት ጥቂት ናሙና ላይ ታይቶ፣ በ2023 በታተመ ጥናት ግን በሦስት ክልሎች ከመቶ ስምንት ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ስድስቱን የኮአርተም መጠን በሦስት ቀን፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር አሟልቶ መዋጥ ያን ለውጥ ለማዘግየት ቤት ውስጥ የሚደረግ ድርሻ ነው።

በጣት ደም የሚደረገው ፈጣን ምርመራ ደግሞ ያልተጠበቀ ጉድለት ገጥሞታል። ምርመራው የሚያየው ፋልሲፓረም የሚያመነጨውን አንድ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑን የሚያወጣው ዘረመል የጎደለው ተሕዋስ መሥመሩ ላይ ሳይታይ ያልፋል፤ ሰውየው «ነጻ ነህ» ተብሎ ትኩሳቱን ይዞ ይመለሳል። መጀመሪያ በኤርትራ ጎልቶ የታየው ይህ ነገር በ2021 በኢትዮጵያም ተረጋገጠ፤ ምርመራው ከፋልሲፓረም ታማሚዎች ወደ 10 በመቶ የሚጠጉትን ሊስት እንደሚችል ተገመተ። የዓለም ጤና ድርጅት ምርመራው ይለወጥ የሚለው 5 በመቶ ሲደርስ ነው።

ክትባቱ ከመጣ ወዲህ ተስፋው ሌላ መልክ ይዟል። አርቲኤስ,ኤስ በ2021፣ አር21 በ2023 ከዓለም ጤና ድርጅት ድጋፍ አግኝተዋል። በጋና፣ በኬንያና በማላዊ በተደረገው ትግበራ የሕፃናት ሞት 13 በመቶ ቀንሷል። ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሁለቱም የሚሠሩት ለፋልሲፓረም ብቻ ነው፤ በዋናነት የተፈተኑትም በሕፃናት ላይ ነው። ሲሶው ሕመም ቫይቫክስ በሆነበት፣ አዋቂው ከሕፃን እኩል በሚታመምበት አገር እነዚያ አገሮች ያገኙትን ያህል ጥቅም መጠበቅ አይቻልም።

ሮቶ ውስጥ የምትራባው

ለመቶ ዓመት ወባ የገጠር በሽታ ነው ተብሎ ተጽፏል። በ2012 ጂቡቲ ላይ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች የእስያ ትንኝ ተገኘች። በዚያ ዓመት ጂቡቲ የነበራት የወባ ታማሚ 27 ብቻ ነበር፤ በ2020 ከ73 ሺህ አለፈ። በ2016 ትንኟ በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ተገኘች፤ ከዚያም በምሥራቁ ከተሞች በስፋት ታየች። በድሬዳዋ ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ደረቅ ወቅት የታማሚው ቁጥር በ2019 ከነበረው 205 በ2022 ወደ 2,425 ዘለለ። ተመራማሪዎች የታማሚዎቹን ቤትና አካባቢ ሲያስሱ በብዛት ያገኙት ስቴፈንሲን ነበር፤ ተሕዋሱንም በውስጧ አገኙ።

ይህች ትንኝ ዝናብ አትጠብቅም። በሮቶ፣ በበርሜል፣ ለግንባታ በተጠራቀመ ውሃ ትራባለች። ሮቶውን ከፍቶ በባትሪ ብርሃን ማየት ነው። የተለመደው የቢምቢ እጭ ጭራውን ከውሃው ገጽ አስነክቶ ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል። የወባ ትንኝ እጭ ግን እንደ ትንሽ ስንጥር ከገጹ ጋር ትይዩ ሆኖ ይጋደማል፤ ጥላ ሲያርፍበት ወደ ጎን ተስፈንጥሮ ይሰምጣል። ያ የተጋደመው ከታየ ውሃውን ደፍቶ የዕቃውን ግድግዳ መፈግፈግ፣ ከዚያም ትንኝ የማታልፍበትን ክዳን ወይም ወንፊት ማሰር ይገባል። መድፋት የማይቻልን ውሃ በእጭ ገዳይ ማከምም ይቻላል።

አጎበርና ርጭት እዚህ ብዙም አይረዱም፤ ትንኟ ለብዙ ኬሚካል የማትበገር ናት፣ ቀን የምታርፈውም ብዙ ጊዜ በከብት በረትና በውሃ ዕቃ ውስጥ ነው። በአፍሪካ ከተሞች 126 ሚሊዮን ሰው ለአደጋ ሊጋለጥ እንደሚችል በ2020 የወጣ ስሌት ይገምታል። በገጠር ወባ ላይ ያላትን ድርሻ በተመለከተ ግን ተመራማሪዎች አልተስማሙም፤ በአንዳንድ ከተማ ትንኟ ተገኝታ ወባው ያልጨመረበትም አለ።

ድሬዳዋ ላይ ውሃ በፈረቃ ነው። ቧንቧው በመጣ ቀን ቤተሰቡ ያለውን ዕቃ ሁሉ፣ ሮቶውን፣ በርሜሉን፣ ጀሪካኑን፣ ባልዲውን ይሞላል፤ ቀጣዩ ተራ እስኪደርስ ያ ውሃ ይቆማል። እንቁላል ትንኝ እስኪሆን የሚፈልገው ደግሞ በዚያ ሙቀት ሳምንት ወይም ጥቂት ቢበልጥ ነው። ውሃ አታጠራቅሙ ማለት አይቻልም። የፈረቃውን ቀን ማሳጠር የሚችለው የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነው፤ ጥብቅ ክዳን ያለው ሮቶ ብቻ እንዲሸጥ ማድረግ የሚችለው ንግድ ቢሮ ነው፤ ለግንባታ የተቆፈረው ጉድጓድ ባለቤቱ ኮንትራክተሩ ነው። በየወሩ የወባ ቁጥር የሚቀርብለት ግን የጤና ቢሮው ብቻ ነው።